ለአራት ሰው የተመረጠ አየር

ደረጀ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። «እንግዲህ» አለ፣ «እዚህ ቤት ስንት ሰው ነው የሚተነፍሰው?»

ሙሀመድኑር አፉን ከመክፈቱ በፊት እናቱ ዙቤይዳ ቀደመችው። አልጋዋ ላይ ሦስት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። «ሰው… ይቆጠራል እንዴ?» አለች፣ በየቃሉ መሃል ትንፋሿን እየለቀመች። «ባለከብት እንኳ ከብቱን አይቆጥርም። የፍጡሩን ቁጥር የሚያውቅ… አላህ ነው።»

«እናቴ፣ የጠየቅኩት ለማሽኑ ብዬ ነው» አለ ደረጀ። «በሰው ልክ ነው የሚመረጠው። ልክ እንደ ጫማ።»

«እንግዲያው ሰፋ ያለ ይሁን። ጠባብ ጫማ ለጠላት ነው።»

ደረጀ ሳቀ። ሙሀመድኑርም ሳቀና እናቱ እንዳታይ በጀርባው በኩል አራት ጣቱን አሳየው። እናቱ፣ እሱ፣ ሚስቱ ፊርደውስ፣ ገና አምስት ዓመት ያልሞላት ልጃቸው ዓፊያ። ደረጀ «አራት» ብሎ ጻፈና አሰመረበት።

ዙቤይዳ ዕድሜዋን የኖረችው ከሰንበቴ በላይ ባለ መንደር ነው። ሳንባዋን ያደረቀው የማጀት ጭስ ይሁን የአውድማ አቧራ፣ ደሴ ያለው ሐኪም ለይቶ አልነገራቸውም። የደረቷን የራጅ ፎቶ ወደ ብርሃኑ አንስቶ «አይለጠጥም» ነው ያለው። «ይድናል ብዬ አልዋሻችሁም፤ ማገዝ ግን ይቻላል። ጭስ አይድረስባት፣ አቧራ አይድረስባት፣ በታፈነ ክፍል አትተኛ። ከዚያ ወዲያ የፈጣሪ ነው።» ሙሀመድኑር እናቱን ወደ መንደሯ አልመለሳትም። በዚያው መኪና ከሚሴ፣ ወደ ራሱ ቤት አመጣት።

ቤቱ ግን ሐኪሙ ያለው ዓይነት አልነበረም። ዋናው መንገድ ዳር የቆመ ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ነው፤ እነሱ ሦስተኛው ላይ ናቸው። በአዲስ አበባና በደሴ መሃል የሚመላለስ ተሳቢ ሁሉ ከመስኮታቸው ሥር ማርሽ ይቀይራል። መስኮት ሲከፈት ጭስና አቧራ ይገባና ዙቤይዳ እስክትጎብጥ ታስላለች። ሲዘጋ ደግሞ የከሚሴ ሙቀት ቤቱን እንደ ክዳን ይገጥመውና ትታፈናለች። ፊርደውስ ቀኑን ሙሉ አንዱን ስትከፍት ሌላውን ስትዘጋ ትውላለች። «ስንት ዓመት ተምሬ መስኮት ጠባቂ ሆንኩ» ትላለች።

ሙሀመድኑር የውሃ ባለሙያ ነው። የገጠር ጉድጓዶችን ይነድፋል፤ ለየትኛው መንደር ምን ያህል ፓምፕ እንደሚበቃ ይመርጣል። ውሃ በልክ ከመጣ አየርስ ለምን አይመጣም ብሎ አሰበ። ሦስት ሳምንት ጠያየቀ፣ አነበበ፣ ስልኩ ላይ ያገኘውን ሁሉ አየ። በመጨረሻ ኮምቦልቻ ውስጥ ለክሊኒኮችና ለመድኃኒት መጋዘኖች የአየር ማሽን የሚገጥም ሰው እንዳለ ተነገረው። ደረጀ ነበር።

ደረጀ የማያውቀውን አውቃለሁ የማይል፣ የሚሸጠውንም የማያጋንን ሰው ነው። ምርጫው ሦስት መሆኑን ሳሎን ተቀምጦ አስረዳቸው።

«አንደኛው ሳቢ ነው። ሽንት ቤትና ማጀት ላይ ይገጠምና የቤቱን አየር እየሳበ ውጭ ይተፋል። ቀላል ነው። ቤት ግን ባዶ አይቀርም፤ የወጣውን ያህል ከየቀዳዳው ይገባል። ከየት? ከመንገዱ።»

«የተሳቢውን ጭስ በክብር ጋብዘን ማስገባት ነዋ» አለች ፊርደውስ።

«ልክ ነሽ። ሁለተኛው ገፊ ነው። በስተኋላ፣ በቦርከና ወንዝ በኩል ያለውን ግድግዳ እንበሳለን። ማሽኑ የጨፋን ሜዳ አየር በፊልተር አጣርቶ ወደ ክፍሉ ይገፋል። ክፍሉ በንጹሕ አየር ስለሚሞላ አቧራው በበር ሥር እንኳ መግቢያ ያጣል። ግን የሚያገለግለው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ሦስተኛው ሁለቱንም ይሠራል። ኮርኒስ ውስጥ ቱቦ ተዘርግቶ ለየክፍሉ ንጹሑን ያደርሳል፣ የታፈነውን መልሶ ይወስዳል። ሰው ቢበዛም ይችላል። እሱን ከአዲስ አበባ ነው የምናስመጣው፤ ኮርኒሱም ይፈርሳል። የሕንፃው ባለቤት ይፈቅዳል?»

«ባለቤቱ ጅዳ ነው» አለ ሙሀመድኑር። «ስልክ እስኪያነሳ ክረምት ይገባል።»

ሁለት ቀን አሰበበት። ወረቀት አውጥቶ የእናቱን ክፍል ስፋትና ቁመት አባዛ፣ ለአንድ ሰው በሰዓት የሚያስፈልገውን አየር ጻፈ፣ ለአራት አበዛው፤ አራቱም አንድ ላይ እሷ ክፍል ቢገቡ ብሎ ነው። ገፊው ይበቃል። እንዲያውም ይተርፋል። ሁለተኛውን መረጠ።

ዙቤይዳ የተከራከረችው ስለ ቦታው ብቻ ነው። ሳሎን ይሁን አለች። «እንግዳ የሚቀመጠው እዚያ። እኔ ጓዳ ተጋድሜ የእንግዳውን አየር ልጠጣበት?»

«እማ፣ የታመምሽው አንቺ ነሽ እኮ፤ እንግዳ አይደለም።»

«ለታመመማ ጓዳ ይበቃዋል።»

ይሄን እንኳ አልሰሟትም። ማሽኑ ከአልጋዋ ራስጌ በላይ ተገጠመ። ትንሽ ነጭ ሳጥን ናት፤ እንደ ድመት ታንኮራፋለች። የመጀመሪያው ሳምንት ለሁሉም እንደ ዒድ አለፈ። ዙቤይዳ ከብዙ ወር በኋላ ሁለቱን ትራስ አውጥታ በጎኗ ተኛች። ዓፊያን አጠገቧ አስተኝታ ተረት ነገረቻት፣ ተረቱንም ሳታቋርጥ ጨረሰችው። ሙሀመድኑር ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የሚያዳምጠው ትንፋሿን ነበር። ሳይቆራረጥ ይወጣል፣ ይገባል። አልሀምዱሊላህ ይልና ጫማውን ያወልቃል።

በሁለተኛው ዓርብ ግን ሰው መጣ።

ዙቤይዳ ታማ ከሚሴ መግባቷ መንደሯ ተሰምቶ ነበር። ከጁምዓ በኋላ በአንድ ሚኒባስ ተጭነው መጡ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ሽማግሌዎቹ ሳሎን አልተቀመጡም፤ የመጡት እሷን ለመጠየቅ ነው። ምንጣፉ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ተቀመጡ፣ ሴቶቹ አልጋው ጠርዝ ላይ ተደረደሩ፣ የተረፈው በሩ ላይ ቆመ። ዱዓ ተደረገ። ዙቤይዳ ፊቷ በርቶ ነበር። እያንዳንዱን በስሙ ትጠራዋለች። «ሀጂ አንዋር፣ በበጋው ውሃ ተራ አንደበቴ አምልጦኝ ነበር። አፉ በለኝ።» «አፉ ብያለሁ፣ አንቺም አፉ በይኝ።» «ፋይዛ፣ ልጅሽን በጥፊ መትቼዋለሁ፣ አላወቅሽም። አፉ በይኝ።» «እሱማ ዱላ ያንሰዋል!» ይሳሳቃሉ። በዚያ አገር የታመመ ሰው የሚጠየቀው ለዚህም ነው። የሰው ሐቅ ተሸክሞ መሄድ ከባድ ነው፤ ይቅር ያለው ሰው ሁሉ ከጫንቃው ላይ አንድ ድንጋይ ያነሳለታል።

ሙሀመድኑር ሻይ ይዞ ሲገባ የማሽኗ አረንጓዴ መብራት ቀይ ሆኖ አየ። ቀና ብሎ እናቱን ሲያይ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። አሁንም ስም እየጠራች ነበር፤ ድምፅ ግን አልነበረውም።

ሦስት ቀን ሆስፒታል ኦክስጅን ላይ ቆየች። እሱ ኮሪደር ላይ ቆሞ ለደረጀ ደወለ።

«ስንት ሰው ነበር?» አለ ደረጀ።

«ማን ቆጠረ።»

«በግምት።»

«ሠላሳ። ከዚያም ይበልጣል።»

«ወንድሜ፣ እኔ ለአራት ነው የመረጥኩት።»

ሙሀመድኑር ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆየ። ጉድጓድ ሲነድፍ የመንደሩን ሰው ብቻ ቆጥሮ አያውቅም። የመንገደኛውን፣ የገበያተኛውን፣ ውሃ ፍለጋ የሚመጣውን ከብት ድርሻ ሁልጊዜ ይደምራል፤ ያን የረሳ ባለሙያ ሲያገኝም ይቆጣል። በገዛ እናቱ ቤት ረሳው። እናቱ ጫማውን አስፉት ስትል ስቆ ነበር።

ያን ዕለት ሦስተኛውን ማሽን አዘዘ። የሕንፃው ባለቤትም እንዳሰበው አልሆነም፤ ዙቤይዳ መታመሟን ሲሰማ «ለእናት ከሆነ ጣሪያውንም አፍርሰው» ብሎ በድምፅ መልእክት ላከለት። ደረጀ ማሽኑ ለመምጣት ሃያ ቀን ይፈጃል አለው። እስከዚያ ምርጫው ሁለት ነው፤ ሐኪሙም ያን ነው የተናገረው፦ ወይ አየር ወይ ሰው።

ሙሀመድኑር አየሩን መረጠ። ማን በሱ ይፈርዳል? ሃያ ቀን ነው።

የሕንፃው ዘበኛ ጋሽ አምባዬ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። «ጋሽ አምባዬ፣ እናቴን ልጠይቅ የሚል ሰው ከመጣ፣ ሐኪም ከልክሏል ብለው በደግ ቃል ይመልሱልኝ» አላቸው።

«ዘመድም?»

«ዘመድም። አንዱን አስገብቶ ሌላውን መመለስ ቅያሜ ነው።»

«ትእዛዝ ነው?»

«ትእዛዝ ነው።»

«ትእዛዝ ከሆነ ዝንብ አላሳልፍም» አሉና ቆብ ባይኖራቸውም እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አነሱ።

ዙቤይዳ ከሆስፒታል በወጣች በሦስተኛው ቀን ጠየቀች። «ሰዎቹስ? ዓርብ ነው እኮ።»

እውነቱን ቢነግራት በዚያች ሰዓት ተነስታ ወደ መንደሬ መልሱኝ እንደምትል ያውቃል። ሰው እየመለሰ የሚኖር ቤት በእሷ ዘንድ ቤት አይደለም። «መንገድ ተዘግቷል፣ እማ» አላት።

በዚህ አገር ያን ለማመን ማስረጃ አያስፈልግም። ባለፉት ዓመታት መንገዱ ስንት ጊዜ ተዘግቶ ስንት ጊዜ ተከፍቷል። «የት ላይ?» አለች።

«ከሰንበቴ ወዲህ።»

«ያ ረቢ። ሰው ተጎዳ?»

«አልሰማሁም።»

ሁለት እጇን ዘርግታ ለመንገደኛው፣ ለሾፌሩ፣ ልጇ መንገድ ላይ ለቀረባት እናት ሁሉ ዱዓ አደረገች። ሙሀመድኑር አጠገቧ ተቀምጦ፣ በገዛ ውሸቱ ላይ ለተደረገ ዱዓ አሚን አለ።

ፊርደውስ ማጀት ውስጥ ጠበቀችው። «ይሄ ነገር ይበዛል» አለችው። «እውነቱን የምትነግርበት ደግ ቃል ጠፍቶ ነው?»

«ሃያ ቀን ነው፣ ፊርደውስ። ማሽኑ ሲገባ መንገዱም ይከፈታል።»

ማሽኗ ሳታርፍ አንኮራፋች፣ መብራቷም አረንጓዴ ሆና ሰነበተች። የዙቤይዳ ከንፈር ቀለሙ ተመለሰ። ግን ተረት መናገር ተወች። ቀኑን ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ትውላለች፤ ደረጃው ላይ ኮቴ ሲሰማ አንገቷን ታነሳለች፤ የጎረቤት መሆኑን ስታውቅ ትመልሳለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ሲቀመጥ እጁን ያዘችው።

«ኑሬ፣ የሁሉንም ባላገኝ የረቢአን አፉታ ማግኘት አለብኝ።»

ረቢአ ታናሽ እህቷ ናት፤ ሰንበቴ ነው የምትኖረው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ዙቤይዳ ሙሀመድኑርን ከረቢአ ባል የወንድም ልጅ፣ ከአንዲት ልጃገረድ ጋር ልታጋባ ቃል ሰጥታ ነበር። ሽማግሌ ተቀምጦበት፣ ፋቲሓ ሊቀራበት ቀን ሲቀረው ሙሀመድኑር ፊርደውስን እንጂ አላገባም አለ። ረቢአ ባሏ ቤተሰብ ፊት አንገቷን ደፋች። ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ ከለቅሶ ቤት በቀር ተገናኝተው አያውቁም፤ እዚያም ከሰላምታ አያልፉም።

«ቃሌን የበላሁት ባንተ ነው» አለች ዙቤይዳ። «አልቆጨኝም። ፊርደውስ ልጄ ናት። ግን ቃል ቃል ነው። ያኔ ተነስቼ እግሯ ላይ መውደቅ ነበረብኝ፤ ታላቅ ነኝ ብዬ ኮራሁ። ሐቋ እኔ ጋ ነው።»

«አሁን ደውዬ ላገናኝሽ?»

«አፉታ በስልክ? ዓይኗን ሳላይ? በስልክማ ሰው እሺ ብሎ ይዘጋዋል።» ትንፋሿን ጠበቀች። «መንገዱ እንደተከፈተ መጀመሪያ እሷን አምጣልኝ።»

«ኢንሻአላህ፣ እማ።»

ትልቁ ማሽን ሊመጣ ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር።

እሑድ ጠዋት መብራት ጠፋ። ማሽኗ አንድ ጊዜ ተንፈስ ብላ ዝም አለች። ክፍሉ መሞቅ ሲጀምር ሙሀመድኑር የኋላውን መስኮት ከፈተ፤ ነፋሱ እንዲያልፍ ብሎ የጓዳውንና የሳሎኑን በር፣ ከዚያም የመንገዱን መስኮት ከፈተ። ከተማው ዘልቆ ገባ። የባጃጅ ጡሩምባ፣ የበግ ድምፅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከመስኮቱ ሥር የቆመ ሚኒባስ ረዳት፦ «ሰንበቴ! ሰንበቴ! ገበያ ሰንበቴ! አንድ ሰው፣ የሞላ! ሰንበቴ!»

ሙሀመድኑር መስኮቱ ላይ እጁ እንዳለ ቀረ። ከጓዳ እናቱ ጠራችው።

«መንገዱ ተከፈተ እንዴ?»

ረዳቱ አንድ ሰው አገኘና ሚኒባሱ ተነሳ። ወዲያው ሌላው ተተካ፤ ደግሞ «ሰንበቴ!» ተባለ።

«ኑሬ። ከመቼ ወዲህ ነው የተከፈተው?»

ሄዶ አልጋዋ ሥር ተንበረከከ። «አልተዘጋም ነበር፣ እማ።» ሁሉንም ነገራት፤ ለአራት ሰው ብሎ መምረጡን፣ ትልቁን ማሽን ማዘዙን፣ ለጋሽ አምባዬ ያለውን። አልተቆጣችም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

«ስንት ቀን ነው የዋሸኸኝ?»

«ዘጠኝ።»

«ይሄንንስ ደህና ቆጥረሃል» አለች። ቆየችና «ለመንገደኞቹ ያደረግሁት ዱዓ የት ይሄዳል?» አለች፤ የምር ነበር የምትጠይቀው። እሱ ግንባሩን አልጋው ጠርዝ ላይ አሳረፈ። «ተነስ። ለኔ ብለህ ነው፣ አውቃለሁ። ሂድና ረቢአን አምጣት።»

ደረጃውን ወርዶ ጋሽ አምባዬን መኪና እንዲጠሩለት ሲጠይቅ የእናቱን እህት ሊያመጣ ሰንበቴ እንደሚሄድ ነገራቸው። ጋሽ አምባዬ ወንበራቸውን ትተው ቆሙ።

«ሰንበቴ አልክ? ከሰንበቴ የመጣች አንዲት ሴትዮ ነበረች። ቀጠን ያለች፣ ግንባሯ ላይ ጠባሳ አላት። ሁለት ጊዜ መጥታለች። በፊተኛው መለስኳት። ባለፈው ማክሰኞ ስትመጣ ግን እዚች ደረጃ ሥር ከሰዓት በኋላ እስከ ዐስር ሶላት ተቀመጠች። ውሃ ብሰጣት አልጠጣም አለች። ‘ማን አለ ይሄን?’ ብላ ጠየቀችኝ፤ የልጇ ትእዛዝ ነው አልኳት። ‘ትእዛዙ የልጇ ቢሆንም ቃሉ የእሷ ነው’ አለችና ሄደች። ስሟን አልነገረችኝም። እህት መሆኗን ባውቅ…» አልጨረሱትም።

የረቢአን የግንባር ጠባሳ ሙሀመድኑር ያውቀዋል።

ሰንበቴ ሲደርስ ገበያው ሞልቷል። የአፋር ግመሎች ከወዲያ፣ የደጋ እህል ከወዲህ። ረቢአ ቅቤ ተራ ላይ ከሴቶች መሃል ተቀምጣ የሌላ ሰው ቅቤ በቅጠል ትጠቀልላለች። ሄዶ ፊቷ ቆመ። ቀና አላለችም።

«ቅቤ ልትገዛ ነው?»

«አክስቴ፣ ሙሀመድኑር ነኝ።»

«ማንነትህንማ አውቃለሁ። ቅቤ ልትገዛ ነው ወይ ነው ያልኩህ።»

«ኧረ ረቢአ፣ የእህትሽ ልጅ አይደለም እንዴ? ልጅሽ ነው እኮ» አለች አጠገቧ ያለችው።

«የኔ ልጅ ቢሆን በር ይዘጋብኛል?»

በገበያው መሃል፣ ሴቶቹ እየሰሙት፣ ቁጭ ብሎ ነገራት። ማሽኑን ለማስረዳት ሞከረና እንደማይሆን ሲያውቅ ተወው። «እሷ አታውቅም። እኔ ነኝ። መንገድ ተዘግቷል ብዬ ዋሸኋት። አንቺን ነው የምትጠራው።»

ረቢአ እጇ ላይ ያለውን ቅቤ አስቀመጠች። «ያን ቀን የልጇ ትእዛዝ ነው ተባልኩ። እኔ ግን የእሷ መሰለኝ። ቂሟን ይዛ ልትሞት ነው ብዬ መኪና ውስጥ ሰው ፊት አለቀስኩ። ዛሬ ደግሞ ልጇ መጥቶ እሷ አታውቅም ይለኛል። አንተ ሰውዬ፣ ለእሷ ዋሽተሃል፤ አሁን ለእኔ የምትለውን በምን ልመን?»

«ደውዬ ራሷ ትንገርሽ።»

ፊርደውስ አነሳች። ድምፁን ከፍ አደረገው፤ ረቢአም ጆሮዋን አስጠጋች። «መብራት መጣ፣ ማሽኑ ተነሳ፣ አሁን ገና አሸለባት» አለች ፊርደውስ። «ሌሊቱን አልተኛችም ነበር። ረቢአን አገኘሃት? ከሄድክ ጀምሮ ‘ረቢአ፣ ረቢአ’ ስትል ነው ያሸለባት። ልቀስቅሳት?»

ረቢአ ዓይኗን ጨፈነች። «ተይ፣ አትቀስቅሻት» አለች ወደ ስልኩ። «የታመመ ሰው እንቅልፍ አይቀማም።» ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ይሄ ቅቤ የሰው አደራ ነው፤ ትቼው ብሄድ ይቀልጣል። ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። አንተ ሳታመጣኝ፣ በራሴ እግር።»

አሁን እንሂድ የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። ግን በምን ፊቱ ይለምናት? እሺ አላትና ብቻውን ተመለሰ።

ማታ ላይ እናቱን ነቅታ አገኛት። ዳግመኛ ላይዋሻት ወስኖ ነበርና ረቢአ ነገ እንደምትመጣ፣ ደረጃው ሥር የሆነውንም ሳይደብቅ ነገራት። ትከፋለች ብሎ ነበር። ዙቤይዳ ግን ክርኗን ተደግፋ ቀና አለች።

«መጣች?»

«መጥታ ነበር።»

«ሳልልክባት? በራሷ?»

«ሁለት ጊዜ፣ እማ።»

«ሁለት ጊዜ» አለች። «ሁለት ጊዜ መጣች። ፊርደውስ፣ ሰማሽ? ረቢአ ሁለት ጊዜ መጣች።» ሳቀች፤ ሳቋ ሳል አላስከተለም። «እሷ ልጅ ሆናም እንዲሁ ናት። ትኮርፍና ከቤቱ ጀርባ ዞራ ትመጣለች።» እስኪመሽ ድረስ ሰው ይሁን ግድግዳ ሳትለይ ያን ደጋግማ ታወራ ነበር። ነገ የሚለበሰውን ነጠላ አስወጥታ እግርጌ አስቀመጠችው።

ጎህ ሲቀድ፣ ለሱብሒ ሶላት ታጥባ፣ ውዱዕ አድርጋ ከተመለሰች በኋላ፣ ዙቤይዳ ሞተች። አላፈናትም፤ አላሳላትም። ፊርደውስ አጠገቧ ነበረች። ትንፋሿ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ቀረ ነው ያለችው። ሐኪሙ በኋላ እንደተናገረው ሳንባዋ የሚሄድበትን ያህል ሄዶ ነበር፤ ሰው ቢመጣም ባይመጣም ቀኑ ብዙ አይርቅም ነበር። ሙሀመድኑር ይሄን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ፤ የሐኪሙ ቃል አላቃለለለትም።

ረቢአ በመጀመሪያው መኪና መጣች። ጋሽ አምባዬ የግቢውን ሁለቱንም በር በርግደው ከፍተውት ነበር፤ ሰው ደረጃውን ሞልቶ ይወጣል፣ ማንም ወዴት አይባልም። ረቢአ እታች ቆማ ወደ ላይ አየች። የሚነግራት አላስፈለጋትም። ማዳበሪያ ከረጢቷን ለጋሽ አምባዬ ሰጥታ፣ ሰውን በትከሻዋ እየከፈለች ወጣች። ጓዳው በር ላይ ሴቶቹ ውሃ እያሞቁ ነበር። «እኔ ነኝ የማጥባት» አለች። ማንም አልተከራከራትም።

በሩ ተዘጋ። ሙሀመድኑር ከውጭ ቆሞ የውሃውን ድምፅ ሰማ። በመሃሉ የረቢአ ድምፅ ይሰማል። ለቅሶ አልነበረም። ዝቅ ባለ ኦሮምኛ፣ የዘጠኝ ዓመት ወሬ ለባልንጀራ የሚነገር ይመስል፣ ሳታቋርጥ ታወራለች። «ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴዋ» ትላለች መሃል መሃል ላይ። የምትለውን ሁሉ አልያዘውም። ሊሰማ እንደማይገባውም ተሰማውና ከበሩ ራቀ።

ዙቤይዳ በከፈን ጨርቅ ከተጠቀለለች በኋላ ረቢአ ወጣች። ክንዷ እስከ ክርኗ እርጥብ ነበር። ሙሀመድኑር ፊቷ ቆመ።

«ሁለት ጊዜ መምጣትሽን ማታ ነግሬያታለሁ» አላት። «ደስ ብሏት ነው ያደረችው።»

ረቢአ ዓይኑን አየችው፤ ደግሞ እየዋሸ እንደሆነ ልትለይ ነው። ፊርደውስ ከኋላው «ወላሂ እውነት ነው» አለች። ያኔ ዓይኗን ከእሱ ላይ አነሳች።

«ማወቋ ደግ ነው» አለች። «እኔ ግን አላየኋትም። ያየሁት ይሄን ነው።» እጇን ወደ ጓዳው ዘረጋች። «መጨረሻ ላይ… ትንፋሽ አጥሯት ነበር?»

«አላጠራትም።»

«እሱን ደግ አድርገሃል። አላህ ይክፈልህ።»

«አክስቴ፣ እሷን አፉ በያት።»

«እሷንማ መጀመሪያ የመጣሁ ቀን፣ ገና መኪና ላይ ሳልሳፈር አፉ ብያታለሁ። አሁንም በጆሮዋ ነግሬያታለሁ።»

«እኔንስ?»

ሽማግሌዎቹ ቃሬዛውን ይዘው በሩ ላይ ደርሰው ነበር። «ልጁ የት አለ?» የሚል ድምፅ ከደረጃው ተሰማ። ረቢአ በነጠላዋ ጫፍ ክንዷን ቀስ አድርጋ አደረቀች፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን።

«አንተን ዛሬ አልችልም» አለች። «ብልህም አፌ ብቻ ነው የሚለው፤ እንዲያ ያለ አፉታ ደግሞ አይጠቅምህም። ቆይተህ ናና ጠይቀኝ። እኔ በር አልዘጋም።»

ከዚያ ዞር ብላ አሳለፈችው፤ እሱም ገብቶ በእናቱ ራስ በኩል ያለውን የቃሬዛውን እጀታ ያዘ።